የኮሮላን ኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በግቢ ውስጥ መቀየር፦ የግል ተሞክሮ

የምነዳው መኪና በፈረንጆች 2004 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን አራት ማርሽ ያለው ኦቶማቲክ ካምቢዮ አለው። የዚህን ካምቢዮ ዘይት አዲስ አበባ በሚገኘው መኖሪያ ግቢዬ ውስጥ በራሴ እጅ መቀየር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን የምጽፈውም ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ወገኖች ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን በአንድ ቦታ እንዲያገኙት በማሰብ ነው። የሞተር ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳያዛንፍ የሚቀይር ባለመኪና የካምቢዮውን ዘይት ግን መኪናውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አይቶት የማያውቅ ሆኖ መገኘቱ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ካምቢዮ ሲበላሽ የሚጠየቀው ወጪ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ በመሆኑ፣ ይህ ልማድ ብዙ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ አይቻለሁ።

በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ የዘይቱ ዋና ሥራ ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ ራሱ የሥራው አካል ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል በቶርክ ኮንቨርተሩ በኩል ወደ ካምቢዮው የሚተላለፈው በዘይቱ ፍሰት አማካይነት ነው፤ ማርሽ የሚለዋወጠውም ፓምፑ የሚፈጥረው የዘይት ግፊት በውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸክላዎች ሲያጣብቅና ሲለቅ ነው፤ በዚያ ላይ ዘይቱ የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ በራዲያተሩ ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ እየሄደ ይመለሳል። ዘይቱ በሙቀት እያረጀ ሲሄድ በውስጡ የተጨመሩት ኬሚካሎች ይደክማሉ፣ ከሸክላዎቹ የሚረግፈው ብናኝ ይጠራቀምበታል፣ ሸክላዎቹ ሳይንሸራተቱና መኪናውን ሳይገፈትሩ እንዲጣበቁ የሚያደርገው ባሕርይም እየቀነሰ ይመጣል።

የአዲስ አበባ መንገድ ይህን እርጅና ያፋጥነዋል። ቶርክ ኮንቨርተሩን ቆልፎ ኃይል በቀጥታ እንዲተላለፍ የሚያደርገው ክላች የሚሠራው መኪናው ፍጥነት ይዞ ሲጓዝ ስለሆነ፣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ እየቆሙ እየሄዱ አንድ ሰዓት መንዳት ማለት ዘይቱ ያን ሁሉ ጊዜ በኮንቨርተሩ ውስጥ እየተመታ ሲሞቅ ቆየ ማለት ነው። ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ የሚያወጣው አቀበትም ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። «ይህ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው» የሚለው አባባል ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ለሚነዳ ሰው እንኳ የሚያጠያይቅ ሲሆን፣ ለእኛ አነዳድ ግን ፈጽሞ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። እኔ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነገር፣ ብዙ ሰው ከሥራው እንዲሸሽ ያደረገ ስጋትም አለ፦ «ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ዘይት ከተነካ ካምቢዮው ይቆማል» ይባላል። ይህ ከምንም ተነሥቶ የተወራ ነገር አይደለም። ሸክላዎቹ ቀድመው በተበሉበትና መንሸራተት በጀመረ ካምቢዮ ላይ ዘይት መቀየር የተበላውን መልሶ አያመጣውም፤ ባለመኪናው ወደ ጋራዥ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ ብልሽቱ በዘይት ቅያሬው የመጣ መስሎ ይታያል። በማሽን ኃይል እየተገፋ የሚታጠብ አሮጌ ካምቢዮም የተጠራቀመው ቆሻሻ ተነሥቶ የቫልቭ ቦዲውን፣ ማለትም የዘይቱን ግፊት ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ጠባብ መተላለፊያዎች ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ማርሹ ለስላሳ ሆኖ በሚሠራ መኪና ላይ ዘይቱን ደረጃ በደረጃ እያፈሰሱ መተካት የተሻለው መንገድ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይጎትት ከሆነ፣ ወይም ከፒ (ከመቆሚያው) ወደ ዲ (ወደ መሄጃው) ሲገባ ብዙ ቆይቶ የሚይዝ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ለክቶ ጎድሎ እንደሆነ ማረጋገጥ፣ ካልጎደለ ደግሞ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዘይቱ ዓይነት ነው። የእኔ ኮሮላ የሚፈልገው ቶዮታ ታይፕ ቲ ፎር የሚባለውን ሲሆን፣ ይህም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የመጡ የቶዮታ ካምቢዮዎች የሚጠቀሙት ደብልዩ ኤስ የሚባለውን ቀጠን ያለ ዘይት ነው፤ ቲ ፎር ለሚፈልግ ካምቢዮ ደብልዩ ኤስ መጨመርም ሆነ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። በ1990ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎች ደግሞ ዴክስሮን ይጠቀማሉ። እነዚህ ሁሉ ቀይ ቀለም ያላቸው በመሆናቸው በዓይን መለየት አይቻልም፤ በእኔው መኪና ላይ እንኳ የመሪው ዘይት ዴክስሮን ሲሆን ከካምቢዮው ዘይት ጋር በመልክ አንድ ነው። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሻጭም ሆነ መካኒክ ሲያጋጥም፣ ንግግሩን በትሕትና አቋርጦ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

የቪትዝ ባለቤቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በውጭ አንድ ዓይነት ከሚመስሉት ቪትዞች አንዳንዶቹ እንደ እኔ ኮሮላ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን በብረት ቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ የተገጠመላቸው ናቸው። ሲቪቲ የራሱ የሆነ ዘይት አለው፤ ተራውን የኦቶማቲክ ዘይት ከሰጡት ቀበቶው በመንሸራተት ይበላል፣ ያንን ካምቢዮ ማደስ ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መኪናው የትኛው ካምቢዮ እንዳለው በትክክል ሳያውቁ ዘይት አይግዙ።

ዘይቱን ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ፣ ክዳኑ ላይ ያለው መዝጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የጣሳው ጽሑፍ ያልደበዘዘና ያልተላጠ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩም በግልጽ የታተመ መሆኑን ይመልከቱ። ከትልቅ በርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጥ ዘይት ለካምቢዮ አልጠቀምም፤ ምንነቱን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ የለምና። ከታወቀ አስመጪ ደረሰኝ ተቀብሎ መግዛት ጥቂት ብር ቢያስጨምርም የሚያስቆጭ አይደለም።

ወደ ሥራው ስገባ፣ የሚያስፈልገኝ ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሣውን መኪና ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ)፣ ለኋላ ጎማዎች የሚሆን ታኮ፣ ለማፍሰሻው ብሎን የሚሆን 10 ሚሊ ሜትር አለንኪ፣ አዲስ ሮንዴላ፣ ቀጭንና ረጅም አፍ ያለው ማንቆርቆሪያ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ጓንት፣ እንዲሁም ክሩ የማይረግፍ ንጹሕ ጨርቅ። የጨርቁ ነገር ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ የካምቢዮውን ዘይት መጠን ከሚለካው ዘንግ ጋር ወደ ውስጥ የገባ ክር የቫልቭ ቦዲውን ሊያውክ ስለሚችል ቦታ የምሰጠው ጉዳይ ነው። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ግን ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሊገባ አይገባም። ክሪክ ይንሸራተታል፣ ዘይቱም ሊለቅ ይችላል። በድንጋይና በጡብ መደገፍም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ጡብ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። መሬቱ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ግቢው አፈር ከሆነ በካቫሌቶው እግር ሥር ወፍራም ጣውላ መደረግ ይኖርበታል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ታኮ ተደርጎባቸው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መኪናው ካቫሌቶው ላይ ካረፈ በኋላ በእጅ ገፋ ገፋ አድርጌ ጽናቱን ሳላረጋግጥ ሥሩ አልገባም።

ከመፍሰሱ በፊት መሙያው መከፈቱን ማረጋገጥ ይቀድማል። በዚህ ኮሮላ አዲሱ ዘይት የሚገባው የመለኪያው ዘንግ በሚወጣበት ቱቦ ስለሆነ፣ ዘንጉ ያለችግር መውጣቱንና ማንቆርቆሪያው ቱቦው ውስጥ መግባቱን አስቀድሜ አያለሁ። ዘንግ የሌላቸው፣ በሥር ባለ ብሎንና በዘይቱ ሙቀት የሚለኩ አዳዲስ ካምቢዮዎች አሉ፤ እነዚያ የዘይቱን ሙቀት የሚያነብ መሣሪያ ስለሚፈልጉ እዚህ የምገልጸው አሠራር አይመለከታቸውም።

ሥር ከገቡ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ስህተት የሞተሩን ማፍሰሻ የካምቢዮው መስሎ መፍታት ነው። የሞተሩ ብሎን ራሱ ወደ ውጭ የወጣ፣ በተራ ቁልፍ የሚፈታ ሲሆን፣ የካምቢዮው ግን አለንኪ የሚገባበት ጎድጓዳ ነው፤ የሚገኘውም ሾፌሩ በሚቀመጥበት በግራ በኩል፣ በካምቢዮው ኮፓ (ዘይቱ በሚጠራቀምበት የሥር ሳህን) ሥር ነው። ስህተቱን ሳያውቅ የሞተሩን ዘይት አፍስሶ በካምቢዮው ላይ አዲስ የጨመረ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ሞተሩን ያለ ዘይት፣ ካምቢዮውን ደግሞ ከመጠን በላይ ሞልቶ ያስነሣል። የፈሰሰው ዘይት ጥቁር ሆኖ የሞተር ዘይት ከሸተተ፣ ቆም ብሎ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ዘይቱን የማፈሰው መኪናው ጥቂት ተነድቶ ከቆመ በኋላ፣ እጅ የሚችለው ለብታ ላይ ሲደርስ ነው። በደንብ የሞቀ የካምቢዮ ዘይት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል እጅንና ፊትን ያቃጥላል። ብሎኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዘይቱ በኃይል ስለሚወጣ ፊትን ገለል ማድረግ፣ ሳፋውንም ወደፊት ጠጋ አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ወደ ጠብታ እስኪለወጥ ድረስ ሳልቸኩል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ብሎኑን በአዲስ ሮንዴላ በልኩ አጠብቃለሁ። ኮፓው ቀጭን ቆርቆሮ፣ ጥርሱም በቀላሉ የሚላጥ በመሆኑ፣ ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ላይ ሰክቶ ማጥበቅ ለከባድ ወጪ ይዳርጋል።

በቤት መሥራት ከጋራዥ የሚሻለው በዋናነት በሚቀጥለው ሥራ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ፦ የወጣውን ዘይት መለካት። የፈሰሰውን በሙሉ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ውስጥ እገለብጣለሁ፤ ባለ 1 ሊትርና ባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች መጠናቸው ስለሚታወቅ ምን ያህል እንደወጣ በግልጽ ይታያል። በእኔ መኪና የሚወጣው 3 ሊትር አካባቢ ነው። የወጣው ምን ያህል ከሆነ የሚገባውም ያን ያህል ነው፤ በዚህም ግምት ከሥራው ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን ከመጀመሩ በፊት መጠኑ በዘንጉ ላይ ትክክል እንደነበር ከታየ ነው፤ ቀድሞ ጎድሎ ወይም በዝቶ ከነበረ ያንን ልዩነት መደመር ወይም መቀነስ ያስፈልጋል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋም የወጣው ዘይት ከአዲሱ ጋር ተመሳሳይ ሙቀት ላይ እስኪደርስ አስቀምጦ መለካት ተገቢ ነው፤ 3 ሊትር ዘይት በ50 ዲግሪ ልዩነት መጠኑ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይለዋወጣል።

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት ስለ ካምቢዮው ጤንነት ብዙ ይናገራል። ቀይነቱ ጠቁሮ ወደ ቡናማ ማምራቱ የእርጅና ምልክት ነው፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ሸክላዎቹ በሙቀት መጎዳታቸውን ያመለክታል። ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ደብዛዛ ሮዝ ሆኖ ከታየ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ወደ ካምቢዮው ገብቷል ማለት ነው፤ ያን መኪና አስነሥቶ መንዳት አይገባም፣ ራዲያተሩ ሳይለወጥ አዲስ ዘይት መጨመርም ገንዘብ ማባከን ነው። ዘይቱን በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ በፀሐይ ብርሃን ማየት ደግሞ በውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ስንጣሪ መኖሩን ለመለየት ይረዳል።

አዲሱን ዘይት ሲጨምሩ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ከቸኮሉበት ወደ ላይ ይገነፍላል። ከተለካው መጠን ጥቂት አስቀርቼ እጨምራለሁ፤ የጎደለን መጨመር ቀላል ሲሆን የበዛን መቀነስ ግን እንደገና ሥር መግባት ይጠይቃል። ከዚያ መኪናውን ወደ መሬት አውርጄ፣ ፍሬኑን በእግሬ ይዤ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ማርሹን ከፒ ጀምሮ በአር፣ በኤን፣ በዲ፣ በ2 እና በኤል ላይ ጥቂት ሰከንድ እያሳረፍኩ ወደ ፒ እመልሰዋለሁ። ይህም ዘይቱ በየመተላለፊያው እንዲዳረስ ያደርጋል። ይህ ሁሉ በአየር በሚናፈስ ቦታ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መሆን የለበትም።

ትክክለኛው ልኬት የሚወሰደው ዘይቱ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ነው። የሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ ስለሚለካ ብዙ ሰው የካምቢዮውንም እንዲሁ ይለካል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን በካምቢዮው ውስጥ ሲዘዋወር የነበረው ዘይት ወደ ኮፓው ስለሚወርድ ዘንጉ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ዘንጉ ላይ «ኩል» ለቀዝቃዛ፣ «ሆት» ደግሞ ለሙቅ የሚሆኑ ሁለት የምልክት ቦታዎች አሉ። ዘንጉን አውጥቶ መጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሶ መክተት፣ እንደገና አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ገጾች የተለያየ ካሳዩ ዝቅ ያለውን እይዛለሁ። አዲስ ዘይት ከገባ በኋላ ቱቦው ውስጡ ስለሚረጥብ ንባቡ ያደናግራል፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ውሳኔ በማግሥቱ መኪናው በደንብ ከተነዳ በኋላ ደግሜ አያለሁ። ዘይቱ ከበዛ የሚዞሩት ክፍሎች እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ ከጎደለ ደግሞ ፓምፑ አየር ይስባል፤ በሁለቱም ግፊቱ ይወርድና ሸክላዎቹ መንሸራተት ይጀምራሉ።

በአንድ ጊዜ የሚወጣው ዘይት ከጠቅላላው ከግማሽ በታች መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የካምቢዮው አጠቃላይ ይዞታ 7 ሊትር ተኩል ያህል ሲሆን የቀረው ዘይት በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው መስመር ውስጥ ይቆያል። በአንድ ቅያሬ 40 በመቶው አዲስ ይሆናል፤ ከጥቂት ሳምንት መንዳት በኋላ ቢደገም 64 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሠራ 78 በመቶ ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት ያልተነካ መኪና ለገዛ ሰው የምመክረው ይህን ሦስት ጊዜ የሚደጋገም አሠራር ነው፤ ካምቢዮውም አዲሱን ዘይት ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የማቀዝቀዣውን ቱቦ ፈትቶ ሞተሩን እያሠሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ የሚቻል ቢሆንም፣ አንድ ሰው ሞተሩን፣ ሳፋውንና መሙያውን በአንድ ጊዜ መቆጣጠር ስለሚያዳግተው ፓምፑ ያለ ዘይት የመዞር አደጋ አለው፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው አልመክርም።

ኮፓውን ፈትቶ የውስጡን ወንፊት ማጽዳትና ማግኔቶቹን ማየት በየቅያሬው ግዴታ አይደለም። ኮፓውን የፈታሁት የመኪናውን ያለፈ ታሪክ ስለማላውቅ ነበር። በማግኔቶቹ ላይ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚዳሰስ የብረት ስንጣሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ጉዳት ያመለክታል። ኮፓው ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ (በጠርዙ ያለው ማሸጊያ) አዲስ መሆን፣ ትንንሾቹ ብሎኖችም በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቁ በቀላል ኃይል መጥበቅ አለባቸው፤ ከበዛባቸው ኮፓው ይጣመምና ዘይት ያንጠባጥባል።

ሥራው ካበቃ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጠዋት መኪናው በቆመበት ቦታ ካርቶን አንጥፌ የሚንጠባጠብ መኖሩን አያለሁ፤ የቀየርኩበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ዓይነትም ጽፌ በኮፈኑ ውስጠኛ ክፍል እለጥፋለሁ። የወጣውን ዘይት በተመለከተ ደግሞ፣ በቦይም ሆነ በአፈር ላይ መድፋት ትልቅ በደል ነው። የከተማችን ቦዮች ወደ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የሚወርዱ ሲሆን፣ በዚያ ውኃ የሚለሙ አትክልቶች ተመልሰው ወደ ገበታችን ይመጣሉ። ዘይት የሚቀይሩ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ስለሚያጠራቅሙ፣ ጠርሙሶቹን በደንብ ከድኜ ለሰፈሬ ጋራዥ እሰጣለሁ፤ ከውኃ፣ ከቤንዚን ወይም ከፍሬን ዘይት ጋር ካልተቀላቀለ ያለማቅማማት ይቀበላሉ።